ጠሪው ባትሚዝ ያልጠራው ስም

ወንድሜ ባትሚዝ ድምፅ ነበረው። ድምፅ ስላችሁ ዘፋኝ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሲዘፍንማ ላሞቻችን ሳይቀሩ ፊታቸውን ያዞሩበት ነበር። የእሱ የጥሪ ድምፅ ነው። ሸንተረሩ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ሲጣራ ወንዙን ተሻግሮ፣ ጫካውን አልፎ ማዶ ተራራ ላይ ለቆመው ሰው ይደርሳል። ያ ሰው ተቀብሎ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። መስኮብ የምንለው የሩሲያ ጦር ከምሽጉ ወጥቶ ወንዛችን ጋ ሳይደርስ ሰባት መንደር ሴቱን፣ ሕፃኑንና ከብቱን ጫካ አስገብቶ፣ ጠመንጃውን ወልውሎ ይጠብቀዋል።

እኛ ሻፕሱጎች ነን። አገራችን ከተራራው ጫፍ ተነስቶ ጥቁር ባሕር ድረስ የሚወርድ ሸለቆ ነው። ስለ ጦርነቱ ሲወራ ሁሌ የሚነሱት ፈረሰኞቹና ሰይፋቸው ናቸው፤ ስለ ጠሪዎቹ የሚያወራ የለም። እኔ ኩታስ ግን እስክሞት አወራለሁ። የሚሰማ ይስማ፣ ያልፈለገ መንገዱ ጨርቅ ይሁንለት።

ባትሚዝ ጠሪ የሆነው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የቀድሞው ጠሪ ደረቱን ታሞ ሲቀር ሽማግሌዎቹ የመንደሩን ጎረምሶች ሸንተረሩ ላይ አሰልፈው አንድ በአንድ አስጮኋቸው። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ አሉ። አንዱ እንደ ፍየል፣ ሌላው ቦርሳውን እንደተቀማ ነጋዴ ነበር የሚጮኸው። የወንድሜ ተራ ሲደርስ ግን ማዶ ያሉ እረኞች እውነተኛ ጥሪ መስሏቸው ከብቶቻቸውን ወደ ጫካ መንዳት ጀመሩ። በዚያው ተሾመ። ደሞዝ የለው፣ መሬት የለው፤ ያተረፈው ነገር ቢኖር ብርድ ነው። የሚገርመው ደግሞ ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበር። ከአፉ አንድ ቃል ለማውጣት ስንት ልመና ይፈጅ ነበር። እናታችን በሕይወት ሳለች ይሄ ልጅ ቃሉን ሁሉ ለተራራው ነው የሚያስቀምጠው ትል ነበር።

ሲያገባ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሙሽራዋ ዲሸኻን ትባላለች፤ ከወንዙ ላይኛው ጫፍ ካለ መንደር ነው የመጣችው። ቀጠን ያለች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን፣ ሥራ ላይ ግን ማንም የማይደርስባት ሴት ነበረች። ሙሽራ የባሏን ቤተሰብ በስም አትጠራም፤ ለሁሉም የራሷን ስም ታወጣለች። እኔን "ፌንጣዬ" አለችኝ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልችል ነው። ዛሬ ጉልበቴን ይዤ ስነሳ ያየኝ ሰው አያምንም፣ ግን ፌንጣ ነበርኩ።

ባሏንማ ጨርሶ አትጠራውም። ወጋችን ነው። ሚስት የባሏን ስም እስክትሞት ከአፏ አታወጣም፤ ባልም ሽማግሌ ባለበት የሚስቱን ስም አይጠራም። በቀን አብረው አይታዩም። አባት በአባቱ ፊት ልጁን አያቅፍም፣ ስሙንም አያነሳም። ይሄን የጣሰ ሰው አይገረፍም፣ አይቀጣም፤ ዝም ብሎ ያፍራል። ከማፈር ደግሞ እኛ ዘንድ መሞት ይቀላል። ባትሚዝ ወደ ቤት ሲገባ ደጃፍ ላይ አንድ ጊዜ ይስላል፤ ያኔ ዲሸኻን ከማንም ቀድማ ትሰማውና ጨርቋን አስተካክላ ትነሳለች። እኔ ተደብቄ ሳሉን አስመስዬ ስንት ጊዜ አታልያታለሁ። ሮጣ ትወጣና እኔን ስታይ፣ "አንቺ ፌንጣ፣ ቆይ ብቻ ልያዝሽ" ትለኛለች፤ ይዛ ግን መትታኝ አታውቅም።

ሸንተረሩ ላይ ሲውል ምግብ የምታደርስለት እሷ ናት። የማሽላ ገንፎና አይብ በቅጠል ጠቅልላ ወጥታ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታስቀምጥለታለች። ከዚያ ዞር ብላ ቁልቁል እያየች ትቆማለች። እሱ ይመጣል፣ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጦ ይበላል። አንድ ቀን ተከትያት ወጥቼ አየኋቸው። እሱ ሸለቆውን ያያል፣ እሷ መንደሩን ታያለች፤ በመሃላቸው አንድ ክንድ አይሞላም። ሲጨርስ ቅጠሉን አጥፎ ድንጋዩ ላይ ያስቀምጣል፤ እሷ ያችን ቅጠል እንኳን ሳትጥል ይዛት ትወርዳለች። ያኔ ልጅ ነኝ፣ ተጣልተው መስሎኝ ለአባቴ ልናገር ነበር። ሰው እንደዚያ ሲዋደድ ዳግመኛ አይቼ አላውቅም።

ብቻችሁን ስትሆኑ ምን ብለህ ነው የምትጠራት ብዬ አንድ ጊዜ ጠየቅኩት። ገለባ ወረወረብኝና ወጣ።

ጦርነቱ እኔ ሳልወለድ የጀመረ ነው። እኛ ዘንድ የባሰው ግን ዲሸኻን ከመጣች በኋላ ነው። መስኮብ ከጠመንጃው በፊት መጥረቢያውን ይዞ መጣ። ሰውን ከመግደሉ በፊት ዛፉን ይቆርጣል፤ ምክንያቱም እኛን የሚደብቀን ዛፉ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የመጥረቢያ ድምፅ ነበር። ሌሊት የነበረው ጫካ ጠዋት ጉቶ ሆኖ ታገኘዋለህ። ባትሚዝ በየዓመቱ የሚቆምበትን ቦታ ወደ ላይ ይቀይር ነበር፤ ታች ያለው ገላጣ እየሆነ ስለሄደ ነው።

በመጨረሻው ክረምት ጠባቡ በር የምንለው የወንዙ መተላለፊያ ላይ መስኮብን አሥራ አንድ ቀን ይዘን አቆምነው። ወንዶቻችን ትልልቅ ዛፍ ጥለው መንገዱን ዘጉ፤ ከላይ ቋጥኝ ያንከባልላሉ። ጭስና ጉም ስለነበር ታች ያሉት ተኳሾች ጠላት በየት እንደዞረ አያዩም። ዓይናቸው ባትሚዝ ነበር። ከገደሉ አናት ሆኖ "በወንዙ ቀኝ ናቸው፣ ከትልቁ ድንጋይ ሥር ናቸው" ይላቸዋል፤ እነሱ ድምፁን ተከትለው ይተኩሳሉ። መስኮብ ብልጥ ነው፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ድምፁን ማነጣጠር ጀመረ። አንዷ ጥይት የግራ ጆሮውን ጫፍ ይዛ ሄደች። ደሙን በእጅጌው ጠርጎ መጣራቱን ቀጠለ አሉ። ዲሸኻን ከእናቷ የወረሰችውን የእርሳስ ሳህን አቅልጣ ጥይት አደረገችው፤ እኔ እሳቱን አነድ ነበር። ሳህኑ ሲቀልጥ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ጆሮው መመታቱን ሰምታለች፣ ግን ማንን ብላ ትጠይቅ። እኔ ነኝ እየሮጥኩ ሄጄ፣ አይቼው መጥቼ፣ "ቆሟል፣ ይጣራል" ያልኳት። ያኔ እንጨት ልታመጣ መስላ ወጥታ አለቀሰች።

አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ሌላ ጦር በበረዶው መተላለፊያ ዞሮ ከጀርባችን ወረደ። በዚያ በኩል ያሉት ጠሪዎች አልቀው ነበርና የነገረን የለም። ከመንደራችን ብቻ ዘጠኝ ሰው ወደቀ። ቤቱ ተቃጠለ፣ ጎተራው ተቃጠለ፣ የንቡ ቀፎ ሳይቀር ተቃጠለ። ከዚያ ትእዛዝ መጣ፤ በአንድ ወር ውስጥ ወይ ወደ ቆላው ረግረግ ወርዳችሁ በመስኮብ መንደር መሃል ተቀመጡ፣ ወይ ባሕሩን ተሻግራችሁ ቱርክ አገር ሂዱ። ሽማግሌዎቹ ባሕሩን መረጡ። ሁለት ቀን በእግር ወርደን ጠጠር የሞላው ዳርቻ ላይ ደረስን። ያየሁትን ሕዝብ ቁጥር ልነግራችሁ አልችልም። ዓይን እስከሚያይ ሰው ብቻ ነበር፤ በሽተኛው፣ ሟቹ፣ ሕፃኑ፣ በግ የያዘው፣ ምንም ያልያዘው።

እንግዲህ አሁን ያንን ቀን ልነግራችሁ ነው። ስነግረው ሁሌም እናደዳለሁ፤ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

አባታችን በትኩሳት ወድቆ በርኖሱ ላይ ተኝቷል። አጎቶቻችንና የመንደራችን ሽማግሌዎች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ባትሚዝ አባቱ እግር ሥር ቆሟል። ዲሸኻን የሦስት ዓመት ልጃቸውን ጉፕሴን አዝላ፣ እንደ ወጉ ፈንጠር ብላ ከማታውቃቸው ሴቶች ጋር ቆማለች። እኔን ውሃ አምጪ ብለው ወደ ምንጩ ላኩኝ። ያንን ገንቦ ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ። እኔ ሳልኖር የሆነውን በኋላ የነገሩኝ አጠገቡ የነበሩት አጎቶቼ ናቸው።

ጀልባ መጣ። ትልቁ መርከብ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበርና ሰውን በትንንሽ ጀልባ ነው የሚያመላልሱት። ጀልባ ነጂው ሴትና ሕፃን ይቅደም ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ከኋላ ገፋ። ዲሸኻንን ከነልጇ ክንዷን ይዘው አነሷት። ቤተሰቡ ሁሉ ከኋላዋ የሚመጣ መስሏት መጀመሪያ አልታገለችም። ከዚያ ዞር ብላ ፈለገችን። ባትሚዝ ከሷ ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። ስትፈልግ አየ። ዓይኗ በሱ ላይ አልፎ ሲሄድ፣ ሰው ብዛት ውስጥ ሳታየው ሲቀር አየ። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ስሟን ቢጠራ ትዞር ነበር። ከጀልባው ትዘል ነበር፤ እኔ አውቃታለሁ።

ሳለ።

ሰባት መንደር የሚያነቃ ሰው፣ በጥይት መሃል የሚጣራ ሰው፣ አባቱና ሽማግሌዎቹ ፊት ስለነበር ሳለ። በዚያ ሁሉ ለቅሶ፣ በዚያ ሁሉ ማዕበል ውስጥ ሳል ማን ይሰማል? ደግሞ ሳለ። ጀልባው ተገፍቶ ወጣ። ያኔ ነው ወደ ውሃው የገባው። እኔ ገንቦዬን ይዤ ስመለስ እስከ ወገቡ ባሕር ውስጥ ቆሟል። አፉ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን የለውም። ዲሸኻንስ አልኩት። በእጁ መርከቡን አሳየኝ። እኔ ጮህኩ፤ ስሟን እየጠራሁ ጉሮሮዬ እስኪደማ ጮህኩ፣ ግን የኔ ድምፅ ምን ያህል ይሄዳል። የሱ ነበር የሚደርስ።

በሚቀጥለው መርከብ እንከተላታለን ተባለ። ሁሉም መርከብ አንድ ወደብ የሚሄድ መስሎን ነበር፤ ከባሕር ማዶ አንድ መንደር ያለ ነው የመሰለን። አባታችን በስድስተኛው ቀን አረፈ። ቀብረነው ስንመለስ ነፋሱ ተነስቶ መርከቦቹ ቀርተዋል። ወታደሮቹ ዳርቻውን ማጽዳት ጀመሩ፤ የቀረነውን ወደ ረግረጉ ሊነዱን ነበር። ባትሚዝ እጄን ይዞ ወደ ተራራው መልሶ አወጣኝ። እንደኛ የወጡ ጥቂት መቶ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ማንም በማይወጣበት ገደልና ጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ ተበታትነን ስድስት ዓመት ተቀመጥን። መስኮብ ጦርነቱ አልቋል ብሎ ደስታውን ሲያከብር እኛ እዚያው ነበርን። የምንበላው የዱር ፍሬና ለውዝ፣ ሲገኝ የአጋዘን ሥጋ ነው። ሊፈልጉን የመጡትን ወታደሮች ወንዶቹ በየጥሻው ይጠብቋቸዋል፤ ብዙዎቹ የመጡበትን ሳያገኙ ቀርተዋል።

እዚያ ጥሪ አልነበረም። ድምፅ ካሰማን ስለሚያገኙን በሹክሹክታ ነበር የምንኖረው። ስድስት ዓመት ሙሉ ወንድሜ ድምፁን አላወጣም። በየወሩ አንድ ቀን ብቻውን ይወርዳል፤ ባሕሩ የሚታይበት ጉብታ ላይ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተጋድሞ ውሎ ይመለሳል። ምን አየህ ስለው ውሃ ይለኛል። ናፍቆት ሰው ይበላል ሲባል ወሬ ይመስለኝ ነበር፤ በዓይኔ ሲበላ አየሁት። ትከሻው ጠበበ፣ ጢሙ በሠላሳ ዓመቱ ሸበተ። አንዴ የጉፕሴን የሕፃን ጫማ ከደረቱ አውጥቶ ሲያሸተው አየሁት። መቼ እንደያዘው እንኳን አላውቅም። አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ።

በኮንትሮባንድ ጀልባ መሻገር ይቻል ነበር። ሁለት ጊዜ ቦታ አግኝቶ ነበር፤ ለአንድ ሰው ብቻ። እኔን ጥሎ አልሄደም። ሂድልኝ፣ ራሴን እጠብቃለሁ ብዬ ተንበርክኬ ለመንኩት፤ "አንዷን በዝምታ አጣሁ፣ ሌላዋን በእግሬ አላጣም" አለኝ። ስለዚያ ቀን ያወራው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወደ የት እንደምትሄድም አያውቅም፤ ያኔ መርከቦቹ ወደ አራትና አምስት ወደብ እንደተበተኑ ሰምተናል።

በኋላ መስኮብ ሰለቸው መሰል፣ ከተራራ ለሚወርዱ ባሕር አጠገብ ትንሽ መሬት እሰጣለሁ አለ። ርሃቡ ስለጸናብን ወረድን። ወደ ሠላሳ ቤት እንሆናለን። ቤት ሠራን፣ በቆሎ ዘራን፣ እኔም ባል አገባሁ። ባትሚዝ አላገባም። ሴት አመጣሁለት፤ ደግ፣ ባሏ የሞተባት፣ ዳቦ አጋገሯ የሚያስመሰግን። እንግዳ ናት ብሎ አክብሮ አስተናግዶ ሸኛት። ተናደድኩ። ሬሳ ጋር ነው እንዴ የምትኖረው፣ እሷ አግብታ ልጅ ወልዳ ይሆናል አልኩት። አፌን ያቃጥለውና እንደዚያ አልኩት። "ልጅ ብትወልድም ደስ ይለኛል" ብሎ መረቡን መጠገን ቀጠለ።

ከባሕር ማዶ ሰው በመጣ ቁጥር የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ እሱ እንዴት አድርጎ ይጠይቅ። የባትሚዝ ሚስት ዲሸኻን፣ ከሻፕሱግ፣ ሴት ልጅ ያላት እላቸዋለሁ። ሄደው በየመንደሩ ሰው ያጠያይቃሉ፤ ሦስት ዲሸኻን አገኘን፣ አንዷም የባትሚዝ ሚስት አይደለችም ብለው ይመለሳሉ። እሱ በር ላይ ተደግፎ ይሰማና ይወጣል። እንዲህ እያለ ከተለያዩ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነ።

ታጊር የሚባል የበግ ቆዳ ነጋዴ መጣ። በሕፃንነቱ የተሻገረ፣ የእኛው ወገን ነው። ምሳ ጋበዝነው። በምሳው መሃል ስለ መንደሩ ሰዎች እያወራ ያሳቀን ጀመር። በመንደራችን አንዲት ሴት አለች አለ፤ ባል አለኝ ትላለች፣ ማነው ሲሏት ዝም ትላለች። ከመርከብ ስትወርድ መዝጋቢው የማን ሚስት ነሽ ብሎ ጠይቋታል። ስሙን አልናገርም አለች። የሷን ሸለቆ ሰው ፈለገች፤ እሱን አውቆ ስሙን የሚጠራላት ማንም አልነበረም፣ መርከቡ ላይ የነበሩት በሙሉ ከሌላ ሸለቆ ናቸው። መዝጋቢው ቸኩሎ አጠገቧ የቆመው ሽማግሌ ልጅ ናት ብሎ ጻፋት። ሰው ሁሉ የዚያ ሽማግሌ ልጅ አድርጎ ነው የሚያውቃት። ሊያገቧት የመጡ ነበሩ፤ ባል አለኝ ብላ መለሰች። ባልሽን እንዴት እናገኘዋለን ሲሏት፣ "ድምፁ ከተራራ ተራራ የሚሰማ ነው፤ እሱን ጠይቁ" ትላለች። የትኛው ሻፕሱግ ነው የማይጮኸው ብለን እንስቅባታለን አለና ራሱ ሳቀ።

የሳቀው እሱ ብቻ ነበር። እኔ እጄ ላይ ያለው ሳህን ወደቀ። ባትሚዝ ከመቀመጫው ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። ልጅ አላት ወይ አልኩት ታጊርን። አንዲት ሴት ልጅ፣ ጉፕሴ የምትባል፣ አግብታ ወልዳለች አለ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ቀስ ብሎ ገባው።

እንግዲህ ገመቱት። እሱ በወግ አልጠራትም፣ እሷ በወግ አልጠራችውም። ሁለት ንጹሕ ሰዎች፣ ነውር ላለመሥራት ብለው አሥራ ስምንት ዓመት ተቀበሩ። ወጉን አልሰድብም፣ ያሳደገኝ ነው። ግን በዚያ ቀን ወጉን ያወጣውን ሰው ባገኘው በጥርሴ እይዘው ነበር።

የታጊር መርከብ በነጋታው ስለሚሄድ ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ። የመንደራችን የሚጽፍ ሰው ሼህ ዮኑስ ነው። የሽማግሌዎቹ መሰብሰቢያ ቤት ሄድን፤ ሰባት ሽማግሌዎች ነበሩ። እኔ ሴት ብሆንም ደጃፉ ላይ ቆምኩ፣ ማንም አላስወጣኝም። ሼሁ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ለማን ልበል አለ። ባትሚዝ እጁን ወደ አፉ ወሰደ። ሊስል ነው ብዬ ፈራሁ። እኔ ልናገርለት አፌን ስከፍት እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

"ለዲሸኻን" አለ።

ሽማግሌዎቹ በሙሉ መሬት መሬቱን አዩ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው ጆሮው ድረስ ቀላ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት፣ በጠባቡ በር ሁለት ወንድ ልጅ የቀበሩት ሽማግሌ፣ በትራቸውን ይዘው ቀና አሉ። የሚቆጡት መስሎኝ ነበር።

"ደግመህ ጥራት ልጄ" አሉት።

ደግሞ ጠራት። ሦስተኛ ጊዜ ማንም ሳይለው ጠራት። ከዚያ የሚለውን ሁሉ አለ፤ በሕይወት አለሁ፣ አላገባሁም፣ አባቴ አርፏል፣ ፌንጣ አግብታለች፣ ፈቃድ እንዳገኘሁ እመጣለሁ። ሼህ ዮኑስ ከታች በራሱ አንድ መስመር ጨመረ፤ ይህን ስም ባልየው በሰባት ሽማግሌዎች ፊት በራሱ አፍ ሦስት ጊዜ ጠርቶታል፣ እኔ ምስክር ነኝ ብሎ።

መልሱ እስኪመጣ ስምንት ወር ሆነ። በነዚያ ስምንት ወራት ወንድሜ ሌላ ሰው ነበር። ልጆቼን ያጫውታል፣ በረቱን ያድሳል፣ ጢሙን ይስተካከላል። የመሄጃ ፈቃድ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ወደ ከተማ ወርዷል፤ ሦስቴም ነገ ና ብለውታል፣ እሱ ግን እየሳቀ ነበር የሚመለሰው። እኔ እያየሁት ፈራሁ። ያን ያህል ደስታ ለምዶ አያውቅም።

ደብዳቤው የመጣው በሰብል ጊዜ ነው። ሼሁ እቤቴ ድረስ ይዞት መጣ። አስቀድሞ አይቶት ኖሮ ዓይኑን አያነሳም። የጻፈችው ልጁ ጉፕሴ ናት።

አባቴ ሆይ ይላል። ደብዳቤህ ሲደርስ እናቴ በደረት ሕመም ተኝታ ነበር። ኢማማችን አነበበላት። ስሟን በሽማግሌዎች ፊት እንደጠራህ ሲነበብ ቀና አድርጉኝ አለች፣ እንደገና አስነበበችው። ከዚያ እኔን ጠርታ አባትሽ ባትሚዝ ይባላል አለችኝ። እስከዚያ ቀን ስምህን አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆየች፤ በነዚያ ቀኖች ስምህን ስትጠራ ነበር የምትውለው፣ አንዳንዴ ለኔ፣ አንዳንዴ ለግድግዳው። በአሥረኛው ቀን አረፈች። አባቴ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ ና።

ባትሚዝ አላለቀሰም። ሼሁን እዚያች ቦታ ላይ መልሰው ያንብቡልኝ አለ፤ ስምህን ስትጠራ ነበር የምትውለው የሚለው ላይ። አነበበለት። ጮክ ብላ ነው ወይስ በዝግታ ነው የጠራችኝ አለ። ምስኪኑ ሼህ ዮኑስ ወረቀቱን ገልብጦ አየ፣ ጀርባውንም አየ፣ እሱ አልተጻፈም አለ። ባትሚዝ ራሱን ነቀነቀ። አስቡት፤ አምስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ስሙን ከአፏ አንድም ቀን አልሰማም።

ሼሁ ሲወጣ ሁለታችን ቀረን። እሱ ደብዳቤውን አጣጥፎ ደረቱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ያኔ ሸንተረሩ ላይ ሲበላ እንደሚያደርገው ጀርባውን ሰጠኝ።

"ኩታስ፣ አንቺ አብረሻት አድገሻል" አለኝ። "ድምፅዋን ታውቂዋለሽ። እስቲ እንዴት አድርጋ እንደጠራችኝ ጥሪኝ።"

ታላቅ ወንድሜን በባዶ ስሙ ጠርቼው አላውቅም፣ ነውር ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ያንን ቀጭን፣ ሳቅ ያለበት፣ መጨረሻው ላይ ዝቅ የሚል ድምፅዋን ፈለግሁት፤ መጣልኝ።

"ባትሚዝ" አልኩ።

"ወዬ" አለ።